መጎተቱን ይጎትታል፤ ማቆሙንስ?

የዛሬው ደብዳቤ ከወትሮው ለየት ይላል። ይህ ገጽ የለመደው “ከዳኝ”፣ “ተኳረፍን”፣ “ቤተሰቦቿ አልተቀበሉኝም” የሚለውን ነው። የዛሬዋ እህታችን ግን ጋንቾና ፍሬን እየጠራች ነው የጻፈችው። መጀመሪያ ሳነበው “ይሄስ ለጋራዥ እንጂ ለእኛ አይደለም” ብዬ ወደ ጎን ላደርገው ነበር። ደግሜ ሳነበው ውስጡ ፍቅርም፣ ገንዘብም፣ ነፍስም እንዳለ ገባኝ። አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

“ስሜ ይቆየኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ሆኖናል። ሁለታችንም ተቀጥሮ መሥራት ስለሰለቸን እቁብ ገባን፤ እቁቡ ሲወጣልን ምን አለሽ ተራ ሄደን ጎማ ያላት ትንሽ ቡና ቤት አሠራን። ከቱቦላሬና ከላሜራ ተበይዳ፣ መስኮት ወጥቶላት፣ ቀለም ተቀብታ ሳያት አልቅሻለሁ። ውስጧ ፍሪጅ፣ የቡና ማሽን፣ ሁለት የጋዝ ሲሊንደርና የውሃ በርሜል አለ። ሐሳባችን በዓል ሲመጣ በእጮኛዬ ወንድም ፒክአፕ ጎትተን ላንጋኖ ወስደናት ለመዝናናት ለሚመጣው ሰው ቡናና በርገር መሸጥ ነው።

ችግሩ የመጣው አጎቴ ካዩአት በኋላ ነው። አጎቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ በአሰብ መንገድ ኤንትሬ ከነተሳቢው ነድተዋል። ዞር ዞር ብለው አዩአትና ‘ፍሬኗ የታል?’ አሉ። እጮኛዬም ‘ፍሬን ያለው ፒክአፑ ነው፤ እሷ ዝም ብላ ትከተላለች’ አላቸው። ‘ዳገት ላይ ትከተልሃለች፤ ቁልቁለት ላይ ግን ልቅደምህ ትልሃለች’ ብለው ዝም አሉ። በያጁ ደግሞ ‘ይሄ ጋንቾ ዝሆን ይጎትታል’ ብሎናል። ‘አጎቴ ያሉትን እናስብበት’ ስለው እጮኛዬ ‘አንቺ እኔን አታምኚኝም’ ብሎ ተቆጣ። ሦስት ጓደኞቻችን አብረውን ለመሄድ ተዘጋጅተዋል። ልሂድ ወይስ ልቅር? ብቀርስ የሚቀርብኝ መንገዱ ብቻ ነው ወይስ እሱም?”

እህቴ፣ ከመንገዱ እንጀምር። የእሱን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ዝሆን የሚጎትተው ጋንቾ

ደብዳቤሽን በኪሴ ይዤ ምን አለሽ ተራ ወረድኩ። ቦታውን ለማታውቁት፣ መርካቶ ውስጥ ስሙ ራሱ ጥያቄ የሆነ ሰፈር ነው። ቆራሌው ከየመንደሩ የሰበሰበው ብረት፣ ቆርቆሮና ጎማ እዚያ ይወርዳል፤ በርሜሉ ምድጃ ሆኖ፣ ጎማው በርባሶ ሆኖ፣ የተገለበጠ መኪና አክስል የሌላ ነገር እግር ሆኖ ይወጣል። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። እዚያ የሚሠራውን ሰው ልናጣጥል አይደለም፤ ግማሹ የከተማው ቤት ዕቃ ከእጁ የወጣ ነው።

አንዱን በያጅ ጠጋ ብዬ፣ ካዘጋጃቸው ጋንቾዎች አንዱን አንስቼ “ይሄ ስንት ኪሎ ይችላል?” አልኩት። ሳቀና “ወንድሜ፣ እኔ የምሸጥልህ ብረት ነው፤ ኪሎውን ይዘህልኝ የምትመጣው አንተ ነህ” አለኝ። እውነቱን ነው! “ዝሆን ይጎትታል” የሚለው ቋንቋ የገበያ ነው። ዝሆኑ ስንት ኪሎ እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም።

ደግሞም መጎተት ቀላሉ ሥራ ነው። ማርሽ አንድ አስገብቶ ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ ለለቀቀ ሰው ደከም ያለ ፒክአፕም ብዙ ነገር ከቦታው ያነቃንቃል። ጥያቄው የጎተተውን ያቆመዋል ወይ? መስመር ሳያስት ይዞት ይሄዳል ወይ? ጀርባው ይሸከመዋል ወይ? የሚለው ነው። አውሮፓና አሜሪካ ሰዉ ለዕረፍት ሲወጣ ካራቫን የሚሉትን ባለ ጎማ ቤት ከመኪናው ኋላ ይጎትታል፤ እዚያም የሚያጣላው ይኸው ጥያቄ ነው። ካራቫንም ሆነ የእናንተ ቡና ቤት ለቁልቁለት አንድ ነው።

መጀመሪያ ሚዛን

የተሳቢዋን ክብደት አልጻፍሽልኝም፤ አልመዘናችኋትም ማለት ነው። እንግዲህ ፍሪጁም፣ ሲሊንደሩም፣ ውሃውም ገብቶ፣ ልክ ለመንገድ እንደምትወጣ አድርጋችሁ የመኪና ሚዛን ላይ አውጧት። ዕቃው ሳይገባ መመዘን ጫማ ሳያደርጉ ቁመት እንደመለካት አይደለም፤ ልዩነቱ በኩንታል ነው። በርሜሉ 200 ሊትር ከሆነ ውሃው ብቻ 200 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ነው።

ቀጥሎ የፒክአፑን ቁጥሮች ፈልጉ። ብዙ መኪና ላይ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር የተለጠፈች ሳህን አለች፤ መጽሐፉም ውስጥ ይገኛል። መጽሐፉ ከጠፋ በሻንሲ ቁጥሩ አስመጪውን መጠየቅ ይቻላል። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፤ ባዶ ክብደቱን፣ ከነጭነቱ ሊኖረው የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት፣ ሊጎትት የሚፈቀድለትን (ፍሬን ላለውና ለሌለው ተሳቢ ለየብቻ ይጻፋል) እና ከተሳቢው ጋር ተደምሮ ማለፍ የሌለበትን ድምር። ከአራቱ ጠባቡ ነው ገዢው። “ይጎትታል” የሚለው ቁጥር በዝቶ “ይሸከማል” የሚለው ካለቀ፣ አልቋል።

በምሳሌ እንየው። ለስሌት እንዲመች ተሳቢዋ ከነዕቃዋ 1,250 ኪሎ ናት እንበል። ፒክአፑ ባዶውን 1,700፣ ከነጭነቱ ቢበዛ 2,600 ይሁን። የሚሸከመው 900 ኪሎ ቀረ ማለት ነው። አምስት ሰው ስትሳፈሩ 350 ኪሎ ሄደ። ለስላሳው፣ ከሰሉ፣ ወንበሩና ድንኳኑ 400 ኪሎ ቢሆን የቀረው 150 ነው። “ታዲያ ተሳቢዋ በራሷ ጎማ አይደል የምትሄደው?” ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። አፍንጫዋ ፒክአፑ ላይ ተደግፏል።

አፍንጫዋ ስንት ይመዝናል?

ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። እንዲህ ያለች ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ከክብደቷ ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነውን ጋንቾው ላይ መጣል አለባት። በኛ ምሳሌ ከ125 እስከ 187 ኪሎ መሆኑ ነው። 150 ብንለው፣ ያቺ ቀርታ የነበረችው 150 ኪሎ ሞላች። ከዚያ በኋላ አንዲት ሣጥን ቢራ እንኳ ትርፍ ናት።

“ታዲያ አፍንጫዋን እናቅልላት” ብላችሁ ዕቃውን ወደ ኋላ ብታደርጉት ደግሞ የባሰ ይመጣል። አፍንጫዋ የቀለላት ተሳቢ ፍጥነት ስትጨምሩ ጭራዋን መቁላት ትጀምራለች። መጀመሪያ በትንሹ፣ ቀጥሎ በሰፊው፣ በመጨረሻ ፒክአፑን ይዛው ትዞራለች። የእናንተው የውሃ በርሜል ያለው ከኋላ ጥግ ከሆነ ይህ አደጋ አጠገባችሁ ነው። ከባድ ከባዱ ዕቃ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት፣ ከወለሉም ዝቅ ብሎ ይታሰር። ውሃውን ከአዲስ አበባ ተሸክሞ መሄድ ምን ያደርጋል? ባቱ ላይ ይሞላል። በግማሽ የተሞላ በርሜል ደግሞ በየመታጠፊያው እየተናወጠ ይገፋችኋል። ሲሊንደሮቹ ቆመው ይታሰሩ፤ መንገድ ላይ ቧንቧቸው ይዘጋ።

የአፍንጫዋን ክብደት ለመለካት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እህል በረንዳ ኩንታል የሚመዝኑበት ሚዛን አይታችሁ የለ? እንደሱ ያለ ሚዛን ሜዳ ቦታ አስቀምጡ፤ የተሳቢዋን ጎማ በድንጋይ ደግፉ፤ አፍንጫዋን ጋንቾው ላይ በምትሆንበት ቁመት በጠንካራ እንጨት ሚዛኑ ላይ አሳርፉ። የሚነበበው እሱ ነው።

ጋንቾው ከምን ተያዘ?

አሁን ወደ በያጁ እንመለስ። ጋንቾ ዝሆን ቢችል፣ የተያዘበት ነገር ፍየል ካልቻለ ምን ዋጋ አለው? ፓራውልት ላይ የተበየደ ጋንቾ ለጌጥ ነው። መያዝ ያለበት ከሻንሲው ግራና ቀኝ፣ በወፍራም ቡሎን፣ ዳዶው እንዳይላላ ተደርጎ ነው። ከፌሮ ታጥፎ የተበየደ ኩርባ ደግሞ አጥር ላይ እንጂ መንገድ ላይ ቦታ የለውም።

ኳስ ያለው ጋንቾ ከሆነ የኳሱና የቆቡ ልክ አንድ ይሁን። ብዙው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ከሌላ አገር ተነቅሎ የመጣ ትንንሽም ትልልቅም አለ። ሰፋ ያለ ቆብ ትንሽ ኳስ ላይ ሲቀመጥ ቆሞ ሲታይ ልክ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ዘሎ ይወጣል። ፈተናው ቀላል ነው። ሰክታችሁ ከቆለፋችሁ በኋላ ክሪኩን ከተሳቢዋ አፍንጫ ሥር አድርጋችሁ አንሱ። የፒክአፑ ኋላ አብሮ ከተነሳ ተቆልፏል። አፍንጫዋ ብቻዋን ከተነሳች፣ ምስጋና ይግባችሁ፣ መርካቶ ላይ አወቃችሁት።

ሰንሰለትም ያስፈልጋል፤ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ ከአፍንጫዋ ሥር ተሻግረው በመስቀል የታሰሩ። ጋንቾው ቢለቅ አፍንጫዋ አስፋልት ላይ ሳትወድቅ እዚያ ላይ ታርፋለች። መብራቷም ይሠራ፤ ግራ ፍሬቻ፣ ቀኝ ፍሬቻ፣ የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራት። ከኋላችሁ ያለው ሰው የፒክአፑን መብራት አያይም፤ ቡና ቤታችሁ ከልላዋለች።

ጎማው ላይ የተጻፈውን አንብቡ

ምን አለሽ ተራ የተሠራች ተሳቢ ጎማዋ ብዙ ጊዜ ከሌላ መኪና የተረፈ ነው። አገለገለ ማለት አበቃለት ማለት አይደለም፤ ግን መነበብ አለበት። ጎኑ ላይ ከጎማው ልክ ቀጥሎ ያለችው ሁለት አኃዝ የሚችለውን ክብደት ትናገራለች። 82 ከሆነ 475 ኪሎ፣ 88 ከሆነ 560፣ 91 ከሆነ 615 ኪሎ ነው። በኛ ምሳሌ ከ1,250ው 150ው ፒክአፑ ላይ ስለተደገፈ ለሁለቱ ጎማ 1,100፣ ለአንዱ 550 ኪሎ ይደርሰዋል። 82 ይፈነዳል። 88 አፍ አፉ ድረስ ነው። 91 ትንሽ ትንፋሽ አለው።

ሌላም አራት አኃዝ አለ። ለምሳሌ 3514 የሚል ካያችሁ ጎማው በፈረንጅ 2014 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም እንዲህ ዕድሜው የገፋ ጎማ ውስጡ ደርቋል። ኩሽኔታዎቹም ተፈትተው ይታዩ፣ አዲስ ግራሶ ይግባባቸው። ከምን ዓይነት መኪና እንደወጡ እንኳ ካልታወቀ ይቀየሩ።

የአጎትሽ ጥያቄ

“ፍሬኗ የታል?” አሉ አይደል? ሌላው ሁሉ ተደምሮ ከዚህች ጥያቄ አይበልጥም።

በአውሮፓ ሕግ የራሷ ፍሬን የሌላት ተሳቢ ከነጭነቷ ከ750 ኪሎ ማለፍ አትችልም። ከዚያ በላይ ከሆነች የግድ ፍሬን ይኑራት። የተለመደው ዓይነት አፍንጫዋ ላይ ይሠራል፤ ፒክአፑ ሲይዝ ተሳቢዋ ወደ ፊት ትገፋለች፣ ያው ግፊቷ የራሷን ፍሬን ያሲዛል። ፍሬን የሌላት ግን የገፋችውን ሁሉ የምትጥለው በፒክአፑ ፍሬን ሸራ ላይ ነው።

ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ነገሩ በእጥፍ አይደለም የሚጨምረው። በሰዓት 80 ላይ ያለ መኪና 40 ላይ ካለው ጋር ሲተያይ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ነው። በረጅም ቁልቁለት ያን ሁሉ በእግር ፍሬን ብቻ ስትይዙት ሸራው ይግላል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ ፔዳሉ እየተረገጠ መኪናው አይቆምም። ዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን የወረደ ወይም ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ያቆለቆለ ሰው ያን የተቃጠለ ሽታ ያውቀዋል። አጎትሽ ዝም ያሉት የሚሉት አጥተው አይመስለኝም። በዚያ መንገድ ላይ የቀረ ጓደኛ ወይም ረዳት ሊኖራቸው ይችላል። ጠይቂያቸው።

“ላንጋኖ ሜዳ ነው” ትሉኝ ይሆናል። ወደ ላንጋኖ ስትሄዱ በጠቅላላው 800 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ፤ ቀስ እያለ ስለሆነ አይታወቃችሁም። ግን መንገዱ ላይ ከብት አለ፣ ጋሪ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ድንገት የሚሻገር ልጅ አለ። ፍሬን የሚፈለገው ለገደል ብቻ አይደለም፤ ለዚያ ልጅም ነው። ስትመለሱ ደግሞ ያንኑ ትወጣላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። መጽሐፉ ላይ የተጻፈለትን ያህል እዚህ አይጎትትም።

ወረቀቱስ?

ከባድ መኪኖቹን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ተሳቢው የራሱ ሰሌዳ አለው። ተሽከርካሪን ስለ መለየት፣ መመርመርና መመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ለጌጥ አልወጣም። ቡና ቤታችሁ ሊብሬ ከሌላት፣ ካልተመረመረች፣ መንገድ ላይ ትራፊክ ሲያስቆማችሁ በዓሉን እዚያው ታከብራላችሁ። የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ደረጃ ተሳቢ ለመሳብ ይበቃ እንደሆነ ከመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጠይቁ። መድን ድርጅታችሁንም “ተሳቢ ስንጎትት አደጋ ቢደርስ ትከፍላላችሁ?” በሉትና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ለተሳቢዋ ይሠራ እንደሆነ ግን ከመሄድ በፊት ነው የሚጠየቀው።

ሁሉ ነገር ሞልቶ የወጣችሁ ቀን

ፍሬን ገብቶላት፣ ተመዝና፣ ተመዝግባ ከወጣች በኋላም በመጀመሪያው ቀን ላንጋኖ አይኬድም። ከተማው ሳይነቃ ሰፊ ሜዳ ፈልጋችሁ ተለማመዱ። ወደ ኋላ ስትሄዱ ነገሩ ይገለበጣል። መሪውን ከሥሩ ያዙት፤ እጃችሁ ወደ ሄደበት የተሳቢዋ ጭራ ይሄዳል። ፍሬንም ባዶ ቦታ ላይ ሞክሩ፤ ያን ቀን ስንት እርምጃ እንደፈጀ ቁጠሩት።

መንገድ ላይ ከፊት ካለው መኪና የምትርቁትን በእጥፍ አድርጉት። ቁልቁለት ሲመጣ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ፤ የምትወጡበት ማርሽ የምትወርዱበትም ይሁን። ጭራዋን መቁላት ከጀመረች ፍሬን አትርገጡ፣ መሪም አታንገላቱ፤ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁና መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ራሷ ትረጋለች። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆም ብላችሁ የቸርኬውን ዳዶ አጥብቁ፤ የጎማውን መሐል በእጃችሁ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ እዩት። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ኩሽኔታው እየጮኸላችሁ ነው። ተሳቢዋ ውስጥ ደግሞ ሰው አይሳፈር፣ “ለአንድ ደቂቃ” ቢባልም።

ልሂድ ወይስ ልቅር?

እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ። አሁን ባለችበት ሁኔታ አትሂጂ። ጓደኞችሽንም አታሳፍሪ። ፍሪጅ፣ ማሽን፣ ሲሊንደርና በርሜል የያዘች የብረት ቤት ከ750 ኪሎ በታች ትሆናለች ብዬ አላምንም፤ ፍሬን ደግሞ የላትም። የዘንድሮው በዓል እንዳያመልጣችሁ ከፈለጋችሁ መፍትሔ አለ። አይሱዙ ተከራዩ። ቡና ቤቷን ጭናችሁ፣ ጎማዋን ደግፋችሁ፣ በአራት ማዕዘን በሰንሰለት አስራችሁ ላኳት፤ ከላይ ከፍታዋን ለኩና የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳትነካ። እናንተ በፒክአፑ ባዶ ጀርባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የኪራዩ ዋጋ ትርፋችሁን ይቀንሳል እንጂ ዋናውን አይወስድም። ከበዓሉ በኋላ ፍሬን ያለው አክስል ፈልጋችሁ አስገቡላት።

አሁን ወደ እሱ። “አታምኚኝም” ያለሽ እጮኛሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም። የእቁቡን ገንዘብ አውጥቶ፣ ከበያጅ ጋር ፀሐይ ላይ ቆሞ ያሠራት ነገር ናት። አንቺ ስለ ፍሬን ጠየቅሽው፤ እሱ የሰማው ግን “አትችልም” የሚል ነው፤ ያውም በሽማግሌ ፊት። ስለዚህ ሦስተኛ ሰው በሌለበት፣ ከአጎትሽ ስም ሳትጀምሪ አነጋግሪው። “አንተን አምናለሁ፤ ብረቱን ግን አላውቀውም። ነይ አብረን እንመዝናት በለኝ” በይው። አጎትሽም ቢሆኑ “ይህን ልጅ ምን አለሽ ተራ ይዤው ልሂድ፣ የምንፈልገውን ፍሬን አብረን እንምረጥ” ቢሉት የተሰበረው ይጠገናል። ሽማግሌ ፈርዶ ሲሄድ ያስቆጣል፤ እጁን ጠቅልሎ ሲያግዝ ግን ማን ይቆጣል?

“ብቀር የሚቀርብኝ መንገዱ ብቻ ነው ወይስ እሱም?” ብለሻል። ሚዛን ላይ ለመውጣት እሺ ካለሽ መንገዱም አይቀርብሽም። ካልመዘንኩ፣ ካልጠየቅኩ፣ አምስት ሰው ጭኜ እሄዳለሁ ካለሽ ግን፣ ያኔ የምታስቢው ስለ ላንጋኖ መሆን የለበትም። ነገ ቤት፣ ልጅ፣ ብድር ይመጣል፤ ሁሉም እንደ ተሳቢ ከኋላ የሚገፋ ነው። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ያሉት አባቶች ቆም ብለን እንድንታጠቅ ነው።

አንተም ወንድሜ ይህን እያነበብህ ከሆነ፣ ያቺ ልጅ የጻፈችልን ልታሳጣህ አይደለም። ከቡና ቤቷ ይልቅ የአንተ መመለስ ስላስጨነቃት ነው። ሚዛኑ ላይ ስትቆሙ ቁጥሩን ጻፉልን፤ ላንጋኖ ላይ የመጀመሪያውን ቡና የምጠጣው እኔ ነኝ፣ በክፍያ።

ሳምንት ይበለን!